ወረቀቱ የማያውቃት ፀሐይ

ቆዪማ! ገና አትጫኚው። መጀመሪያ ጥላሽን እዪ፤ የት ነው የወደቀው? እግርሽ ሥር ተሰብስቦ ከሆነ ካሜራውን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ነይ ቡና እንጠጣ። በቀትር ሰው አይነሣም። ሕንፃም ቢሆን ግድ ካልሆነብሽ በቀር አይነሣም።

ፊልሙ ካርቶን ላይ የታተመችውን ሠንጠረዥ በቃልሽ እንደያዝሻት አውቃለሁ። ፀሐይ ከሆነ 16፣ ቀለል ያለ ደመና ከሆነ 8፣ ጥላ ከሆነ 5.6፤ ሹተሩን ደግሞ የፊልሙን ቁጥር ተከትለሽ፣ ለ100 ፊልም 125ኛ፣ ለ400 ፊልም 500ኛ። ደህና ሠንጠረዥ ናት፣ አትጣያት፣ መለኪያ በሌለበት ቀን ታወጣሻለች። ግን የጻፏት ሰዎች ሲጽፏት ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ አልቆሙም፤ ፀሐይ አናታቸው ላይ አልወጣችም፤ ነጠላ ያጣፋች ጠይም ሴትም ፊታቸው አልነበረችም። ካሜራውም ፊልሙም አገርሽን አያውቋትም። የምታስተዋውቂያቸው አንቺ ነሽ። እኔ ይህን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ የተማርኩት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከዚህ አይወጣም።

ከአባዬ ቁም ሳጥን ያወጣሻት ዜኒት-ኢ ጥሩ መነሻ ናት። ከብዳሻለች፣ አውቃለሁ፤ ይክበድሽ፣ የከበደ ካሜራ እጅ ላይ አይንቀጠቀጥም። ክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት የሄደው ብዙው ሰው ሲመለስ ከመጻሕፍቱ ጋር አንድ ዜኒት ወይም ዞርኪ ወይም ፌድ ጠቅልሎ ነበር የሚመጣው። ለዚህ ነው ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቁም ሳጥን ላይ ቆዳ ቦርሳዋን እንደለበሰች የምትገኘው። ባትሪ አትፈልግም። ግንባሯ ላይ ያለችው ያቺ ጎርበጥበጥ ያለች መስታወት ብርሃኑን ራሷ ወደ ኤሌክትሪክ ትቀይረዋለች። ክፋቱ ዕድሜ ይጫናታል፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ወይ ትሞታለች ወይ ትሰንፋለች። ስልክሽ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫኚና ሁለቱን አስተያዪ። መርፌዋ ካልተነሣች ተያት፣ ከነጭራሹ አትመልከቻት።

ሌላም ጠባይ አላት። በመመልከቻው የምታዪው ፊልሙ ላይ ከሚቀረጸው ያነሰ ነው። አንቺ ጥግ ላይ አስቀረሁት ያልሽው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ፎቶው ሲወጣ ገብቶ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ግጥም አድርገሽ ያዢ፣ አንድ እርምጃም ቅረቢ። ሌንሷ ሄሊዮስ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀለበት አለው። ፎከስ የምታደርጊው አፐርቸሩን ከፍተሽ ነው፣ ከዚያ ሁለተኛውን ቀለበት ወደመረጥሽው ቁጥር ዘግተሽ ነው የምትጫኚው። ይህቺን የረሳ ሰው 16 ብሎ ያሰበውን በ2 ያነሣና ፊልሙ ተቃጥሎ ይወጣለታል። ፊልም ካስገባሽ በኋላ ስታዞሪ የግራው መጠቅለያ አብሮ መዞሩን እዪ። ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም ማለት ነው፤ 36ቱንም አየር ላይ ነው የምታነሺው።

የሹተሯ ጣሪያ 500ኛ ነው። አሁን አስቢው፤ 400 ፊልም አስገብተሽ በታኅሣሥ ፀሐይ ብትወጪ 16 ላይ 500ኛ ትደርሺና መሄጃ የለሽም። ጀርባውን አደብዝዤ ፊቷን ልለይ ብትዪ አይሆንም። ለበጋ 100 ያዢ። 400ን ለክረምትና ለቤት ውስጥ አስቀምጪ።

ስለ ቀትር የነገርኩሽን እንደ አጉል ደንብ አትዪው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ነው የምታልፈው፤ የቆመ ዱላ ጥላ ያጣል። በሌላውም ወር ቢሆን ቀትር ላይ ያን ያህል አትርቅም። ያ ብርሃን ፊት ላይ ሲያርፍ ግንባርና አፍንጫ ያበራል፣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይጠፋል። ቆንጆዋን ሴት ሦስት ቀን ያልተኛች አስመስሎ ያወጣታል። ከፍታው ደግሞ አየሩን ስስ ያደርገዋል፣ ጥላው ይከራል፣ ሩቁ ተራራ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አንድ ዩቪ ፊልተር ሌንሱ ላይ እሰሪና አታውልቂው፤ ምንም ባያደርግልሽ ከአቧራ ያድንልሻል።

ጥሩዋ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት ተኩል እስክትጠልቅ ናት። ፈረንጆቹ መጽሐፋቸው ላይ ስለ ምሽት ወርቃማ ብርሃን ሲያወሩ የሚያወሩት ለእነሱ ነው፤ እዚያ ፀሐይ በጎን ተንሸራታ ስለምትወርድ በበጋ ምሽታቸው ረጅም ነው። እኛ ጋ ቀጥ ብላ ነው የምትወድቀው። ትሪፖድ ስትዘረጊ ታመልጥሻለች። ቦታሽን አስቀድመሽ መርጠሽ፣ ለክተሽ፣ ፎከስ አድርገሽ ጠብቂያት።

ክረምትን ደግሞ ሰው ሁሉ ለፎቶ አይሆንም ይላል። ሞኝነት ነው። ለፊት ከክረምት የተሻለ ብርሃን የለም። ሐምሌ ላይ ሰማዩ በሙሉ ደመና ሲለብስ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ይመጣል፣ ዓይን ይገለጣል፣ ቆዳ ይለሰልሳል። 400 ፊልም፣ 250ኛ፣ 5.6፣ ደመናው ከጠቆረ 4። ዣንጥላ የሚይዝልሽ ጎረምሳ ካገኘሽ ሌላ መሣሪያ አያሻሽም።

ወደ ዋናው እንምጣ። ጠጋ በዪ።

የካሜራ መለኪያ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚገምተው። ነጭ ብታሳዪው ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልምብሻል። ጥቁር ብታሳዪው ብርሃን አነሰ ብሎ ያነጣብሻል። በጥምቀት ጃን ሜዳ ቁሚና ለኪ፤ ዓይንሽ እስኪደርስ ነጠላና ጋቢ ነው። መለኪያውን አምነሽ ከተጫንሽ ያ ሁሉ ነጭ ወደ ግራጫ ወርዶ፣ በመሀሉ ያለው ሕዝብ ዓይንና አፍንጫው ሳይለይ ጠቁሮ ይወጣልሻል። አንድ ስቶፕ ክፈቺ፣ ፀሐዩም ነጩም ከበረታ አንድ ተኩል። «ነጩ አይቃጠልም ወይ?» ትዪኛለሽ። በኔጋቲቭ ፊልም አይቃጠልም፤ ኔጋቲቭ የበዛ ብርሃን ይችላል፣ የማይችለው የጎደለውን ነው። ጥላ ውስጥ ያልተቀረጸ ፊት በኋላ ማንም አያመጣልሽም። ስላይድ ፊልም ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ግን ስላይድ ላንቺ ገና ነው።

አንዲት ሴት ብቻዋን ስትሆንስ? ነጠላዋ ነጭ፣ ፊቷ ጠይም፣ ሁለቱ መሀል ሦስት ስቶፕ ያህል ልዩነት አለ። መለኪያሽ ነጠላውን ካየ ፊቷ ይጠፋል። ፊቷን ብቻ ካየ ደግሞ ከወትሮዋ አንጥቶ ያወጣታል፣ ሴትዮዋ ራሷን አትመስልም። መዳፍሽን ተጠቀሚ። የሰው መዳፍ፣ ባለቤቱ ጠይምም ይሁን ቀይ፣ ያን ያህል አይለያይም። እሷ የቆመችበት ብርሃን ላይ መዳፍሽን ዘርጊ፣ ጥላሽ እንዳያርፍበት ተጠንቀቂ፣ መለኪያውን አስጠግተሽ ለኪ፣ ከዚያ አንድ ስቶፕ ክፈቺ። 125ኛ በ11 ካለሽ 125ኛ በ8 አድርጊው። በቃ። ቆዳዋ ቆዳዋን ይመስላል፣ ነጠላውም ጥበቡ ሳይጠፋ ይወጣል። እንደ እኔ ቢሆን ፎቶ ቤት የሚቀጠር ልጅ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይህን ባሳዩት።

ይሄ ችግር ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ ለረጅም ዘመን የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ሸርሊ ካርድ ይሉት ነበር። የማተሚያው ማሽን የሚስተካከለው የእሷ ፊት እስኪያምር ነው፣ የሌላው ሰው ፊት እንደ ዕድሉ ይወጣል። ፈረንሳዊው የፊልም ሰው ዣን-ሉክ ጎዳር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞዛምቢክ ሊሠራ ሄዶ የኮዳክን ፊልም አልጠቀምም ያለው ለዚሁ ነው። ነገሩን ያጠናችው ሎርና ሮዝ እንደጻፈችው ደግሞ ኩባንያው ጠቆር ያለ ቀለም እንዲለይ ፊልሙን ማሻሻል የጀመረው ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ዕቃችን በፎቶ አይለይም ብለው ካማረሩ ወዲህ ነው። ለሰው ፊት ያልተደረገው ለቸኮሌት ተደረገ! እቤት ያለውን የድሮ ከለር አልበም ስትገልጪ የሙሽራዋ ቬሎ ፍንትው ብሎ የሚዜዎቹ ፊት ጥርስ ብቻ ከሆነ አንሺውን ብቻ አትውቀሺ። የዛሬዎቹ፣ ጎልድ 200ም ፖርትራ 400ም፣ ለጠይም ቆዳ ብዙ የተሻሉ ናቸው። መለካቱ ግን አሁንም ያንቺ ሥራ ነው።

ከእኛ በፊት ይህን የፈቱት አሉ፤ ሥራቸውን ፈልገሽ እዪ። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ከእሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ቤተ መንግሥቱን ቀጠሉበት። ወርቀ ዘቦ ካባ፣ ነጭ ሸማ፣ ጥቁር ፊት፣ ሦስቱም በአንድ ፎቶ። የማን ፎቶ እንደሆነ ተዪውና ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ፈልጊ። አፍንጫው ሥር ያለችውን ጥላ ተከተያት፣ መስኮቱን ትነግርሻለች። ከዛሬዎቹ የአይዳ ሙሉነህን ሥራ እዪ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው እሷ ናት። ቀለሙ ሲያስደነግጥሽ ቆም በዪና ቆዳውን ተመልከቺ፣ ምን ያህል እንደታሰበበት።

ነጠላው ጠላትሽ ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ። እማማን በር ላይ አስቀምጪያቸው፣ ሙሉ ፀሐይ ሳይሆን ጥላው ጫፍ ላይ፣ ፊታቸው ወደ ውጭ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዲዘረጉት ጠይቂ። ከውጭ የገባው ብርሃን ነጩ ላይ ነጥሮ አገጫቸውን ከታች ያበራልሻል። ፈረንጅ ለዚህ ሥራ የሚታጠፍ ነጭ ሰሌዳ ገዝቶ ይሸከማል፣ እኛ ለብሰነው እንዞራለን። ቡና ሲፈላም እንዲሁ ነው። ፍላሹን ተዪው፤ ጢሱን ግድግዳ ያደርግብሻል። ከበሩ ትይዩ ተቀመጪ፣ ጀበናዋ በአንቺና በበሩ መሀል ትሁን። ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ብቻ ነው ጢስን የሚያሳየው። 400 ፊልም፣ 30ኛ፣ አፐርቸሩ 2፣ ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ አሳርፊ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ ቡናው ከጀበናው አፍ ሲወርድ ተጫኚ።

ከተማውን ስታነሺ አቅጣጫ እወቂ። ለገሀርን ውሰጂ። የባቡር ጣቢያው ፊት ወደ ሰሜን ነው፣ ወደ ቸርችል ጎዳና። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትዞር ሕንፃው ፊቱ ጥላ ላይ፣ ሰማዩ ደግሞ ከኋላው ቦግ ብሎ ነው የሚውለው። ሰው ኅዳር ላይ ሄዶ ያነሣና «ጨለመብኝ» ይላል። እዚያው ቆመሽ ዞር በዪ እንጂ! ጀርባሽን ለጣቢያው ሰጥተሽ ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስትመለከቺ ፀሐይዋ ከኋላሽ ናት፣ ጎዳናው ይበራል፣ እንጦጦ ከላይ ይታያል። የጣቢያውን ፊት ከፈለግሽ ግንቦትን ጠብቂ፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ካለፈች በኋላ፣ ክረምቱ ሳይዘጋባት። በብሔራዊ ቴአትር ጎን ያለው የቀራጺው ሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ደግሞ ፊት ለፊት ብርሃን ሲመታው ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ቅርጹ የሚወጣው ከጎን ሲበራ ነው። ለድንጋይ ሁሉ ይሄ ይሠራል፣ ለላሊበላም ለአክሱምም።

ስለ ታወቁ ቦታዎች ከዚህ በላይ አልልሽም። ሐውልቱን ሺህ ሰው አንሥቶታል። ማንም የማያነሣው የልብስ ሰፊውን በር፣ በእጅ የተጻፈውን የሱቅ ታፔላ፣ ሊስትሮው የተቀመጠበትን ደረጃ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ የሮጠው ዶዘሩ ከመጣ በኋላ ነው። ሚካኤል ጸጋዬ፣ ሠዓሊ የነበረውና የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ካሜራ የዞረው፣ እየፈረሱ ያሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን ማንሣት የጀመረው ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያንቺንም ሰፈር ምንም ሳይሆን በፊት አንሺው። ደግሞ ደብተር ያዢ። ፊልም እንደ ስልክ ቀንና ቦታ አይመዘግብልሽም። የጥቅሉ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የሰውየው ስም፤ ሌላ ቅኔ አያስፈልግም።

ሰውን ስትጠጊ ካሜራሽን ቀድሞ ሰላምታሽ ይድረስ። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ፈቃድዎ ከሆነ አንዴ ላንሳዎት?» አባባ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ እንደ ዕድሜው። «እምቢ» ካሉሽ አመስግነሽ እለፊ፤ ከሩቅ በረጅም ሌንስ ልስረቅ ብለሽ እንዳታስቢ። እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች በተለይ እለምንሻለሁ፣ ጎንበስ እንዳሉ አታንሻቸው። ያ ፎቶ ሞልቷል። ሸክማቸውን አውርደው ሲያርፉ አብረሽ ተቀመጪ፣ ያኔ ቀና ያለ ፊት ታገኛለሽ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትገቢ ደግሞ መጀመሪያ የሆነ ነገር ግዢ፣ ማጠፊያም ቢሆን ምጣድም ቢሆን። ሰውየው መዶሻውን አስቀምጦ ዋጋ ከተከራከረሽ በኋላ ለፎቶ አይሰስትም።

አንድ ጣጣ ግን አለ። ሰው ተነሥቶ ሲያበቃ «እስቲ አሳዪኝ» ይላል። ምን ታሳዪዋለሽ? የካሜራሽ ጀርባ ጥቁር ቆዳ ነው። «ፊልም ነው፣ አጥቤ አመጣልዎታለሁ» ትዪያለሽ። ያልሽውን ደብተርሽ ላይ ጻፊ፣ ዕዳ ነው። ወስደሽ ከሰጠሽ ያ ሰፈር በሙሉ ያንቺ ነው፤ ካልሰጠሽ ለሚቀጥለው አንሺም በሩን ዘጋሽበት። ቤተ መንግሥት፣ የጦር ካምፕ፣ ጥበቃ የቆመበት በር አካባቢ ደግሞ ካሜራሽን ቦርሳ ውስጥ ይዘሽ እለፊ። ዲጂታል የያዘውን «አጥፋው» ብለው ይሸኙታል። ፊልም ማጥፋት ማለት ግን ጀርባውን ከፍቶ ሙሉውን ጥቅል ለፀሐይ መስጠት ነው፤ የልደቱም የጥምቀቱም አብሮ ይሄዳል።

ፊልሙን ከዲሲ የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣልሽ ስታደርጊ አስጠንቅቂው፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው። የጭነት ሻንጣ የሚያልፍበት ራጅ ፊልም ያቃጥላል፤ የእጅ ቦርሳ የሚፈተሽባቸው አዲሶቹ ሲቲ ስካነሮችም በአንድ ማለፍ ይጎዱታል። ከካርቶኑ አውጥቶ ግልጽ ፌስታል ውስጥ ያድርገውና በእጅ እንዲፈትሹለት ይጠይቅ። እቤት ሲደርስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ ከመክፈትሽ በፊት አንድ ሰዓት ውጭ አቆዪው፣ አለበለዚያ ጤዛ ይይዛል። ሱቅ ጥግ አቧራ ሲጠጣ የኖረ፣ ጊዜው ያለፈበት ፊልም በርካሽ ብታገኚ ውሰጂ፤ ካለፈበት ለየአሥር ዓመቱ አንድ ስቶፕ ጨምሪለትና ለጨዋታ አንሺበት። ለሠርግ ግን እንዳታስቢው።

ከለር ፊልም ከመግዛትሽ በፊት የት እንደሚታጠብ እወቂ፤ አብዛኛው ፎቶ ቤት ማሽኑን ትቶ ወደ ዲጂታል ከዞረ ቆይቷል። የከለር መድኃኒት 37.8 ዲግሪ ላይ ካልተያዘ ይበላሻል፣ እቤት ለመጀመሪያ አይመከርም። ጥቁርና ነጭ ግን ኩሽና ውስጥ ይታጠባል። 20 ዲግሪ ነው የሚፈልገው፤ አዲስ አበባ ላይ ቧንቧው ቀዝቀዝ ካለብሽ ከማንቆርቆሪያ ትንሽ ሙቅ ጨምረሽ ይደርሳል። ድሬዳዋ ብትሆኚ በረዶ ትፈልጊ ነበር። ኤችፒ5 ፊልምን በዲ-76 ማጠቢያ መድኃኒት፣ ሳታቀጥኚ፣ 7 ደቂቃ ተኩል። ታንኩን ቀስ ብለሽ ገልብጪ፣ መልሺ፤ ቅቤ እንደምትንጪ አትናጪው፣ አረፋ ይሠራና ፊልሙ ላይ ክብ ክብ ይቀርብሻል። ማጽኛው ኃይል እንዳለው ለማወቅ ከፊልሙ ጫፍ የተቆረጠችውን ቁራጭ በብርሃን ላይ ጣል አድርጊበት፤ ጠርታ ብርሃን እስክታሳልፍ የፈጀባትን ጊዜ እጥፍ አድርጊው፣ የማጽኛሽ ሰዓት እሱ ነው።

መጽሐፉ ቀጥሎ «በሚፈስ ውኃ ለግማሽ ሰዓት እጠቢ» ይልሻል። የውኃ ፈረቃ የማያውቅ ሰው ነዋ! ኢልፎርድ ራሱ ያወጣው ሌላ መንገድ አለ። ታንኩን በንጹሕ ውኃ ሙዪ፣ አምስት ጊዜ ገልብጪ፣ ድፊ። እንደገና ሙዪ፣ አሥር ጊዜ ገልብጪ፣ ድፊ። ሦስተኛ ሙዪ፣ ሃያ ጊዜ። አለቀ። አንዲት ጄሪካን ለስንት ጥቅል ትበቃሻለች። የማጽኛውን ድፍድፍ ጎመኑ ላይ እንዳትደፊው፣ ብር አለበት። ለማድረቅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስቀዪው፤ ከመስቀልሽ በፊት ሙቅ ውኃ ለቀቅ አድርገሽ እንፋሎቱ አቧራውን ያሳርፈው። በበጋ ሳሎን የሰቀለ ሰው የአዲስ አበባን አቧራ ከነፊልሙ ያትመዋል።

ከዚያ አሳትሚ። ስልክ ላይ ብቻ አይቅር። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ከቡናው ቀድሞ የሚቀርበው አልበም ነበር፤ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ። ስምና ቀን ጻፊበት፣ ግን በዛሬው የሚያንሸራትት ወረቀት ላይ እርሳስ አይይዝም፤ እስክሪብቶው ሳይደርቅም አትደርድሪው፣ የላይኛው ፎቶ ፊት ላይ ይገለበጣል። ኔጋቲቩን ደግሞ ለብቻው፣ በወረቀት ኪስ፣ ከእርጥበት ርቆ አስቀምጪ። ሽመልስ ደስታ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በቤተ መንግሥት ያነሣው ዛሬ ለኤግዚቢሽን የበቃው እ.ኤ.አ. በ1982 ለንደን ሲገባ ኔጋቲቮቹን ስላዳናቸው ነው።

ለሽማግሌዎችና ለባልቴቶች ስታሳትሚ ተለቅ ያለውን አድርጊ፣ ጉርዱን ሳይሆን። አያትሽ «ይሄንን ለለቅሶዬ አስቀምጡልኝ» ቢሉሽ አትደንግጪ፣ ይሉሻል። ለቅሶ ላይ ያ ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ደረት ላይ ይያዛል፣ ይለቀስበታል፤ ፊቱ ከደበዘዘ አልቃሿ ምን ብላ ታሞግሰው? ስለዚህ ዓይናቸው ላይ ፎከስ አድርጊ፣ 5.6 ላይ፣ ነጠላቸውን አስተካክዪላቸው፣ ሁለቴ አንሺ፣ አንዱ ላይ ዓይናቸውን ይጨፍናሉና።

ይህችን ጥቅል ስትጨርሺ ደውዪልኝ፣ እኔ ጋ እናጥባታለን። ረቡዕ ብቻ አትምጪ፤ ረቡዕ ውኃ የለንም።